ከጉርድ ፎቶ የተረፈው

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ የሱቁን ቁልፍ ለአከራዩ መለስኩ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ያለች ባለ አንድ በር ክፍል ነበረች። ዕቃውን በባጃጅ ወደ ቤት አመላለስኩ፤ ሁለት ሲፒዩ፣ አንድ ሆዱ የተነፋ የድሮ ስክሪን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ፊደላቸው በጣት ብዛት የጠፋ ኪቦርዶች፣ በካርቶን የታጨቀ ሲዲ። እንግዳ መቀበያው ጥግ ደርድሬ አሮጌ ጋቢ አለበስኩትና ተውኩት።

አብራኝ የምትኖረው እህቴ «አልቅሺ እንጂ፤ ሐዘን ካልወጣ ይገድላል» ትለኝ ነበር። በቀብሩ አላለቀስኩም፤ በአርባውም አላለቀስኩም። አንዳንድ ሰው ጨካኝ የሆንኩ መስሎታል። የደነዘዘ እግር ቢወጉት እንደማይሰማው ሁሉ እኔንም የሚሰማኝ ነገር አልነበረም። ጠዋት ሆስፒታል እሄዳለሁ። የምሠራው ካርድ ክፍል ነው፤ ቁጥር አይቼ የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ ሐኪሙ ሲጨርስ መልሼ አስገባለሁ። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተማሪ ሳለሁ መመረቂያ ጽሑፌን የተየቡልኝ ባለቤትዎ ነበሩ። መሞታቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ነፍስ ይማር።»

«አሜን» አልኩት።

ደዋዩ አሁን ልጆችን ኮምፒውተር ያስተምራል። በትርፍ ጊዜው የጎንደርን የድሮ ኮምፒውተር ቤቶች ፎቶ እየሰበሰበ ቴሌግራም ላይ ያስቀምጣል። አብዛኞቹ ተዘግተዋል፤ አንዱ ጫማ ቤት ሆኗል፣ አንዱ ጭማቂ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ከነሕንፃው ፈርሷል።

«ሁላችንም ማውስ መያዝ የተማርነው እነዚያ ቤቶች ውስጥ ነው» አለኝ። «ትንሽ ቆይቶ የሚያስታውሳቸው ይጠፋል። የሱቃችሁ ፎቶ መቼም አይጠፋዎትም።»

«ስንት ሺህ ፎቶ አለ» አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የታወቀኝ። ያለው የሰው ፎቶ ነው። የሱቁ አንድም የለም። ስልኬን ፈተሽኩ፣ የእህቴን ስልክ ፈተሽኩ፣ የሠርግና የክርስትና አልበሞችን ገለጥኩ። ባለቤቴ በልደት አለ፣ በምርቃት አለ፣ ጥምቀት ላይ ሰው መሐል ቆሞ አለ። ዕድሜውን የጨረሰበት ክፍል ግን የትም የለም።

በዚያ ሱቅ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ማመልከቻ ይተየባል፣ ፍላሽ ከቫይረስ ይጸዳል፣ መዝሙር በሲዲ ይቀዳል። በምርቃት ሰሞን ግን ዋናው ሥራ ጉርድ ፎቶ ነው። እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ወደዚያው አልፍና አግዘዋለሁ። የጀርባው ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ስለነበር ነጭ አቡጀዲ እንሰቅላለን። አንደኛው ሚስማር ሁልጊዜ ይወልቃል። ሁልጊዜ «ነገ አጠብቀዋለሁ» ይላል፤ አላጠበቀውም። ስለዚህ እኔ ካሜራውን እይዛለሁ፣ እሱ ከጎን ቆሞ የአቡጀዲውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ፊቱን ብቻ አስቀርቶ ዙሪያውን ይቆርጠዋል። ኮት ለሌለው ተማሪ የራሱን ጥቁር ኮት ያውሰዋል። በዚያ አንድ ኮት ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ እንደተመረቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋቢውን ገልጬ አንደኛውን ሲፒዩ ሰካሁት። እንደ ወፍጮ አጓራና ተነሳ። ባለቤቴ ፎልደሮቹን የሰየማቸው በበዓል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል «ሰኔ ሚካኤል»፣ «የሚካኤል ማግስት»፣ «ሐምሌ ገብርኤል» እያለ ጽፏቸዋል። ደንበኛ ቀኑን በቁጥር አያስታውስም፤ «የገብርኤል ለት ተነስቼ ነበር» ነው የሚለው። በየፎልደሩ ውስጥ የተቆረጡት ለብቻ፣ ያልተቆረጡት ለብቻ ተቀምጠዋል። ያልተቆረጡትን እንዳልጣላቸው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። አንድ ወጣት በባለቤቴ ኮት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከኋላው አቡጀዲው፣ ከአቡጀዲው ወዲያ የመደርደሪያው ጫፍ፣ የሲዲ ቁልል፣ ግማሽ የቀን መቁጠሪያ። ላይ በስተግራ ደግሞ የአቡጀዲውን ጫፍ የያዘ እጅ፤ ሸሚዙ እስከ ክንድ የተጠቀለለ። ሁለተኛውን ከፈትኩ፤ እጁ አለ። ሦስተኛውንም። አንዳንዱ ላይ ክንዱ ዝሎ ዝቅ ብሏል፣ አንዳንዱ ላይ ትከሻው ይታያል። ፊቱ ያለበት አላገኘሁም።

እነዚህን ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዓይኔ የተቀመጠው ሰው ላይ ነበር።

እህቴ ቆማ ስታይ ቆይታ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ቀጣዩን ፎልደር ከፈትኩ።

ሳምንትም ሳይሞላ፣ አንድ ሽማግሌ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መጡ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ቆሙ። ካርድ ቁጥራቸውን ጠየቅኳቸው።

«በሽተኛ አይደለሁም፣ እቴ። የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ሚስት አንቺ ነሽ? ማራኪ ሄጄ ብጠይቅ ቤቱ ጫማ ይሸጥበታል። ጎረቤቷ ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ሴት ናት እዚህ የላከችኝ።»

«እኔ ነኝ፣ አያ። ምን ልርዳዎት?»

የመጡት ከመካነ ብርሃን፣ ከሰሜን ተራሮች ማዶ ነው። መንገድ እስኪከፈትና መኪና እስኪገኝ ሁለት ጊዜ ከደባርቅ ተመልሰዋል። ነገራቸውን ሳያስረዝሙ ነገሩኝ።

«ልጄ እዚህ ተምራ ነው የተመረቀች። አስተማሪ ሆና አዲ አርቃይ ሄደች። እዚያው ሞተችብን፤ ወባ ነው አሉን። አንድ ፎቶ ነበረን፤ ቤታችን ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ። አሁን እናቷ መልኳ ጠፋብኝ እያለች ነው። ጠዋት ትነሣና ዓይኗ እንዴት ነበር ትለኛለች። እኔም ሳስበው ይጠፋብኛል።»

አለቃዬን አስፈቅጄ ይዣቸው ቤት ሄድኩ። እህቴ ምግብ አቀረበች፤ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ተዉት። ሲፒዩው እስኪነሳ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ።

«ቀኑን ያስታውሱታል?»

«ምነው አላስታውስ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። እኔው አብሬያት ነበርሁ። ሚካኤልን አንግሼ አደርሁና አብረን ሄድን፤ እኔ ከደጅ ቆየሁ። ዓመቱን ግን እንጃ።»

ስለዚህ የየዓመቱን የሚካኤል ማግስት አንድ በአንድ ከፈትን። ሽማግሌው እያንዳንዱን ፊት በደንብ ካላዩ አያሳልፉኝም። የወንዶቹን እንኳ ያያሉ። «ይኽም የሰው ልጅ ነው» ይላሉ። «ይቺንም እናቷ ትፈልጋት ይሆናል።» ሦስተኛው ዓመት ላይ ስንደርስ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፤ ሳይነኩት መለሱት።

«እሷ ናት» አሉ በዝግታ።

ቀጭን ልጅ ናት። ፀጉሯን ወደ ኋላ ተሠርታለች። ኮቱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። ልትስቅ ብላ የተወችው ይመስላል።

«ኮቱ የሷ አይደለም» አሉ።

«የሱቁ ነው፣ አያ። ለሁሉም እናውሳለን።»

«ሸጋ ነው። ሸጋ አድርጓታል።»

ፕሪንተሩ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ፎቶውን በፍላሽ ይዘን በሚኒባስ ማራኪ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሄድን። የድሮው ሱቃችን በር ላይ የልጆች ጫማ ተንጠልጥሏል። አየሁት፤ ምንም አላለኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን ከፍቼ ዙሪያውን ልቆርጥ ስል ሽማግሌው ከኋላዬ ሆነው ያያሉ።

«ምነው፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጠርዙን ልቁረጠው ብዬ ነው። ዕቃው ይታያል፤ እጅም አለበት።»

ጎንበስ ብለው ተጠግተው አዩት።

«እጁ የማን ነው?»

«የባለቤቴ። ጨርቁን ይዞ ነው።»

«ባልሽ የሞተው?»

«አዎ።»

 የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ወረቀት ማስተካከሏን ተወች።

«ተይው፤ አትቁረጪው» አሉኝ ሽማግሌው። «ልጄ ደህና ሆና እንድትታይ ቆሞ ይዞላት የለም? እሱን ቆርጬ ጥዬ እሷን ብቻ ይዤ እገባለሁ? እናቷም ትየው።»

እንዳለ በትልቁ ወጣ። አንዱን ለቤታቸው፣ አንዱን ቢጠፋ ብዬ፣ ሁለት አደረግኩላቸው። ፎቶዎቹን በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ከያዙ በኋላ ወደ መናኸሪያው ልሸኛቸው ስንወጣ ቆም አሉ።

«የክርስትና ስሙን ንገሪኝ።»

«የማንን?»

«የባልሽን። እኛ ደብር ለሷ ሲጸለይ ስሙ አብሮ ይጠራ።»

ነገርኳቸው። ከፍትሐቱ ወዲህ ያን ስም ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እንዳይረሱት ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ድምፄ ምንም አልሆነም። ሚኒባሱ ላይ አሳፍሬያቸው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ከሰዓት የመጡት በሽተኞች ብዙ ስለነበሩ እስከ መውጫ ሰዓት ካርድ ሳወጣ ዋልኩ። ያን ዕለት ማንም «ምን ሆነሻል» አላለኝም።

የደወለልኝ አስተማሪ ቅዳሜ መጣ። ሁሉንም እገለብጣለሁ ብሎ አዲስ ሃርድ ዲስክ ይዟል። አንደኛው ሲፒዩ በሰላም ተገለበጠ። ሁለተኛው ተነሳና ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ቆመ። ፈቶ አየው፣ አጽድቶ ሞከረው፣ ከሌላ ጋር አገናኝቶ ሞከረው።

«እትዬ፣ ዲስኩ ሞቷል» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «አዲስ አበባ የሚሞክሩ አሉ ይባላል፤ ተስፋ ግን ልሰጥዎት አልችልም። ምን ነበረበት?»

«የመጨረሻዎቹ ዓመታት።»

የሚያዝን ፊት አሳየኝ። እኔ «እሺ» አልኩና ክዳኑን አንስቼ ሰጠሁት፤ እሱም ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀ።

ከዚያ ያልተቆረጡትን ፎቶዎች አሳየሁት። አንድ በአንድ እያሳለፈ አያቸው። በኋላ «ይኼ እኮ ሱቁ ነው፤ ሙሉ ሱቁ እዚህ ጠርዝ ላይ ነው» አለና ሁሉንም ቴሌግራም ላይ እንዳለ ለማስቀመጥ ፈቃዴን ጠየቀኝ።

«ፊቱ የኔ አይደለም» አልኩት። «የሞተ ይኖርበታል፣ የተሰደደ ይኖርበታል። ሳይጠየቁ አይሆንም።»

«ታዲያ እንዴት እናድርግ?»

ያሰብኩበት ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። «ፊቱን ቆርጬ ጠርዙን ልላክልህ» አልኩት።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የምሠራው ይኼን ነው። ባለቤቴ የጣለውን አስቀራለሁ፣ ያስቀረውን አወጣለሁ። ከአንዱ ፎቶ የመደርደሪያው ግራ፣ ከሌላው የመስኮቱ መከለያ፣ ከሌላው ሆዳሙ ስክሪን በከፊል ይወጣል። በዓመታቱ መሐል ግድግዳው አንዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ረስቼው ነበር። ሥራው ቀስ ያለ ነው። እህቴ አንዳንዴ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ አልቅሺ ማለቱን ትታለች።

አስተማሪው የተላከለትን ያስቀምጣል። ኔትወርክ ሲኖር ገብቼ አያለሁ። ብዙ ሰው አይጽፍም። ባለፈው አንድ የማላውቀው ሰው፣ የበሩን ጫፍ ከሚያሳየው ፎቶ ሥር፣ «እዚህ ቤት በር ላይ ቆሜ ዝናብ አሳልፌያለሁ፤ ሰውየው ግባ ብሎ ወንበር ሰጥቶኝ ነበር» ብሎ ጻፈ።

«አዎ፣ በክረምት ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር» ብዬ መለስኩለት።