ለጋሽ አስማረ የሸጥኩት ማሽን

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለሚስቴም። ብቸና ላይ አሮጌ ማሽን ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ለዚህ ነገር ብቻ ዲዳ ሆነ።

ጋሽ አስማረ ከሞጣ መጡ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ጓሯቸው ውስጥ ብረት መነካካት ይወዳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞላቸዋል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸው ቆመው ይቀራሉ። ጋሽ አስማረ የሚታጠፍ የብረት ጉልበት ሊሠሩላቸው ፈለጉ።

ለዚህ የሚሆነው የብረት ማሽን፣ ሚሊንግ የሚባለው፣ ሰው ተሰብስቦም አይነቀንቀውም፤ ረጋ ብሎ እየዞረ ብረቱን ይልጣል። እኔ ዘንድ የነበረው ሩተር የሚሉት የአናጢ ማሽን ነው፤ ቀላል፣ በጣም ፈጣን፣ ለእንጨት የተሠራ። ጠንካራ ብረት ሲነካ ይንቀጠቀጣል። አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አንድ ወዛደር ብቻውን ተሸክሞት ሲገባ አይቻለሁ፤ ሌላ ምን ምስክር ልፈልግ?

«ብረት ይቆርጣል?» አሉኝ።

«እንደ ጎመን ነው የሚቀነጥሰው!»

«እስቲ አሳየኝ።»

«ዛሬ መብራቱ ጉልበት የለውም፣ ጋሼ።»

እንጨት ቆርጬ አሳየኋቸው። ደስ ብሏቸው ገዙት። እኔም ምርቃት ብዬ አንድ የእንጨት መቁረጫ ጨመርኩላቸውና «ይባርክልዎት» አልኩ። በውሸቴ ላይ ምርቃት!

ያ መቁረጫ ጓሯቸው ውስጥ ብረቱ ላይ ተሰብሮ፣ ስባሪው ቀኝ ዓይናቸውን አጠፋው።

ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ሙሉ፣ «የዓባይን በረሃ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሶ ደህና የገባ ሰው፣ በገዛ ጓሮው!» አሉ። ጋሽ አስማረ ግን፣ «አንተ ምን አደረግህ፣ ልጄ? እጄ ነው ያረጀ» አሉኝ።

ያኔ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ? «ቀስ ብለው ቢገፉት ኖሮ...» አልኩ። የዋሸሁት እኔ፣ የሸጥኩት እኔ፣ መካሪውም እኔ!

ጋሽ አስማረ ከዚያ ወዲህ መፍቻ እንኳ አንስተው አያውቁም። እትዬ ሙሉም አሁን ድረስ ሰው ሲሰግድ ቆመው ይቀራሉ።

ይህን የምታነቡ፣ ማሩኝ አልላችሁም። ገበያ እንዲህ ነው ብዬም አላመካኝም። ዓይናቸውን መመለስ አልችልም። ነገ ሞጣ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የምላቸው ይህን ነው፦ እጅዎ ምንም አልሆነም፤ ማሽኑ የእንጨት ነበር። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ፣ ካላስወጡኝ።