አንድ እፍኝ የጫጩት ጉዝጓዝ

በልጅነታችሁ አምርራችሁ የጠላችሁት ሰው ትክክል ሆኖባችሁ ያውቃል? ሰውየውን መጥላት ሳትተዉ፣ የነገራችሁን ግን እስከ ዛሬ እየሠራችሁበት? እኔ ደርሶብኛል። ትናንት ዘንዘልማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ ጫጩት በካርቶን ይዘው መጡ። እጄን ሰድጄ ከሥር የተጎዘጎዘውን ጨበጥ ሳደርግ እትዬ ሙሉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። የድሮው ንዴቴም አብሯቸው መጣ።

ልጅ እያለሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ከእናቴ ጋር ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ዋናው ቤት የአከራያችን የእትዬ ሙሉ ነው። አሁን አንቱ እያልሁ የምጽፈው እናቴ እንደዚያ ስላሳደገችኝ እንጂ በሆዴ አንድም ቀን አንቱ ብያቸው አላውቅም። ያሰጣነውን ልብስ ከገመድ ላይ ያወርዱብናል፣ ቧንቧ ይቆልፉብናል፣ ስስቅ ከሰሙ "ምን ያስገለፍጥሻል?" ይሉኛል። እናቴ ኮሌጅ ውስጥ ጸሐፊ ስለነበረች ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ከትምህርት ቤት መልስ እጃቸው ላይ የምወድቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ሃያ የአንድ ቀን ጫጩቶች ይዛ ገባች። እትዬ ሙሉ በር ላይ ጠበቋት።

"አንድ ጠዋት ከሸተተኝ፣ ወይ እነሱ ይወጣሉ ወይ እናንተ።"

"አይሸትዎትም እትዬ፣ ልጄ ታጸዳቸዋለች።"

"ይች? ይች የራሷን ንፍጥ መች ጠረገችና!"

ጫጩቶቹ ግቢው ውስጥ መቅረታቸው ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኔ ጉዳይ ሆነ።

መጀመሪያ የቤታችንን ጥግ በካርቶን ከልዬ ጋዜጣ አነጠፍሁላቸው። ጋዜጣ ያንሸራትታል፤ ገና ያልጠና እግር ሲንሸራተት እንደ መቀስ ተከፍቶ ይቀራል፤ አንዷ እንደዚያ ሆና ሞተች። ቀጥዬ ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ ለመንሁ። እሱ ደግሞ ከመጠን በላይ የላመ ስለነበር እህል እየመሰላቸው ይለቅሙታል፣ ብናኙም ያስነጥሳቸዋል። እትዬ ሙሉ በየጠዋቱ አፍንጫቸውን በመስኮታችን አስገብተው ሳብ ሳብ ያደርጉና "ዛሬስ ተረፋችሁ" ብለው ይሄዳሉ። መስኮቱን አፍንጫቸው ላይ ብዘጋው ብዬ ስንቴ ተመኘሁ!

በሁለተኛው ሳምንት መሽተት ጀመረ። እኔ የማውቀው ቤት ለበዓል ሲሰናዳ ቄጤማ እንደሚጎዘጎዝ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ወርጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እርጥብ ቄጤማ አጨድሁና በአሮጌው ሰጋቱራ ላይ ጎዘጎዝሁላቸው። ቤቱ አዲስ ዓመት አዲስ ዓመት ሸተተ። በማግስቱ እትዬ ሙሉ ሳብ አድርገው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ አሸነፍኋቸው ብዬ ዘለልሁ። በየቀኑም አዲስ ቄጤማ እደርብ ጀመር። ከላይ አረንጓዴ ነው፤ ከሥር ግን ታፍኖ እየሞቀ፣ እየሻገተ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ተኮራመቱ፤ ኩሳቸው ደም ቀላቀለ። አንድ ጠዋት ስድስቱን ሞተው አገኘኋቸው።

ለቅሶዬን ሰምተው እትዬ ሙሉ ሳያንኳኩ ገቡ። "ገደልሻቸው" አሉኝ። ቄጤማውን ገልጠው ከሥሩ አንድ እፍኝ ዘገኑና ጨበጡ። እጃቸውን ሲከፍቱት እንደ ጭቃ ተጣብቆ ቀረ። አፍንጫዬ ሥር አስጠጉት።

"ይህ ነው ጉዝጓዝ? ዓይን ብቻ ነው እንዴ የሰጠሽ? እጅሽን ምን በላው? ጨብጠሽ ስትለቂው ካልተበተነ ርሷል፤ ከራሰ ይገድላል።"

"እርስዎ ምን ያውቃሉ!"

"እኔ? ዱርቤቴ ከተማ ዶሮ ሳስፈለፍል እናትሽም አልተወለደች! እሁድ መጥቼ እጨብጣለሁ። ከተጣበቀ ካርቶኑም እናንተም ደጅ ናችሁ።"

እናቴ የወረታ ከተማ ልጅ ለሆነች የሥራ ጓደኛዋ ነግራ፣ ሩዝ ሲፈለፈል የሚቀረውን ገለፈት በሚኒባስ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አስላከችልኝ። አሮጌውን ጠራርጌ አወጣሁ፣ ወለሉን አጥቤ አደረቅሁ፣ ገለፈቱን ፀሐይ ካስመታሁ በኋላ ሦስት ጣት ያህል አለበስሁት። ውኃ ማጠጫውን ሸክላ ላይ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ በየጠዋቱ የረጠበውን እያወጣሁ በደረቅ እተካለሁ፣ የቀረውን አገላብጣለሁ፣ እጨብጣለሁ። ስጨብጥ የእትዬ ሙሉን አንገት የያዝሁ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጡ። ከደረቁ ቦታ እንዳይመስላችሁ፤ ውኃ ማጠጫው አጠገብ ካለው ነው የዘገኑት። ጨብጠው ቆዩ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች። እትዬ ሙሉ ጣቶቻቸውን ሲፈቱ ገለፈቱ ፍስስ ብሎ ወረደ። እጃቸውን በእኔ ቀሚስ ጠረጉና "ነገ እዚህ ጋ ይረጥባል" ብለው ወጡ። ጎበዝ አላሉኝም። አሥራ ሦስቱ ጫጩቶች ግን ቀሩልኝ።

ዛሬ በዚያ ግቢ ፎቅ ቆሟል። እትዬ ሙሉ አረፉ ሲሉኝም አላለቀስሁም። ዘንዘልማም ማሳው ቤት እየሆነ ነው፤ ልጆቹ የጫጩት አያያዝ የሚጠይቁት ስልካቸውን ነው። ሆኖም ትናንት ካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁት እርጥብ ሣር ነበር። "ቲቸር፣ አያምርም?" አለችኝ አንዷ። "እጅሽን ምን በላው?" የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ስድቡን ዋጥሁና እጇን ይዤ አስጨበጥኋት።

እናንተም ጫጩት ካላችሁ ዛሬውኑ ሞክሩት። ከላይ የሚታየውን ተዉት፤ ውኃ ማጠጫው አጠገብ፣ ከሥር አንድ እፍኝ ዝገኑና ጨብጣችሁ ልቀቁት። ቢበተንም ነገ ደግማችሁ ጨብጡ፤ እዚያ ጋ ይረጥባልና።