ማክቴልት ከመንገዱ ስትነሳ

በእኛ ከተማ በሃርለም ሰማይ የሚሥል ሠዓሊ ላም አይሥልም፤ ላም የሚሥለውም ሰማዩን ለሌላ ይተዋል። ሥዕሉ ሲያልቅ ግን የሚፈረምበት ሰማዩን የሣለው ጌታ ስም ብቻ ነው። ይህን የሥራ ክፍፍል ይሉታል፤ እኔ አንዱ ሲያርስ ሌላው ሲያፍስ እለዋለሁ።

ሉበርት ከማይፈርሙት ነበር። የሰማዩ ሠዓሊ ያስፐር ሜዳውን፣ ወንዙንና ደመናውን ሠርቶ ሲጨርስ ያስጠራዋል፤ ሉበርትም ቀጭን ብሩሹን ይዞ ይመጣና ከጥፍር የማይበልጡ ሰዎች በመንገዱ ላይ ያስቀምጣል። ሚስቱ ማክቴልት በወረርሽኝ ከሞተች ወዲህ፣ በየሥዕሉ አንዲት ባለቀይ ቀሚስ ሴት ቅርጫት አንጠልጥላ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄድ ጀመር። ማን እንደሆነች ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የሃርለም ጎረቤት የራሱን ደጃፍ በቀን ሁለቴ ያጥባል፤ የሐዘንተኛን ደጃፍ ግን በዓመት አንዴ አይረግጥም።

አንድ ቀን የሠራሁትን የሥዕል ፍሬም ላደርስ ያስፐር ቤት ገብቼ ሳለ፣ ሳሙና ቀቅሎ የከበረው ሃርመን የገዛውን ሥዕል አሸክሞ ተመለሰ።

«ይህችን ሴትዮ አንሳልኝ» አለው ያስፐርን።

«ምን አደረገችህ?»

«ጸጥታ ብዬ ነው የገዛሁት። ደክሞኝ አረፍ ባልኩ ቁጥር ጥላኝ ትሄዳለች። ቤተሰቡ የሚያኮርፈኝ አንሶ ግድግዳዬም ያኩርፈኝ?»

ጥግ ላይ ብሩሽ ያጥብ የነበረው ሉበርት ባርኔጣውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ላዙራትና ወደ እርስዎ ትምጣ?»

«ወደ እኔ? አማቴ መጥታ ከተቀመጠች ወራት አለፋት። ሌላ እንግዳ አልችልም፣ ሽማግሌው።»

ያስፐር ስለ ደመና ቢሆን እስከ ማታ ይከራከር ነበር፤ ለሰው መከራከር ግን አልለመደበትም። ሃርመን እንደወጣ ሰፊውን ብሩሽ አነሣ። ሉበርት እጁን ያዘው።

«ተው፣ ያስፐር። በዚህ ብሩሽስ አይሆንም። እኔው ላድርገው።»

የመንገዱን ቀለም በጠበጠና ከቅርጫቱ ጀመረ።

«ቀሚሱን አታስቀድምም፣ አያ ሉበርት?» አልኩት።

«መጀመሪያ ሸክሟን ልቀበላት» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ቀይ ቀለም በአንድ ጊዜ አይሸፈንም። እስኪደርቅ እየጠበቀ፣ በማግስቱም እየተመለሰ ደጋግሞ ቀባት። ሰው አንዴ ይቀበራል፤ እሱ ሚስቱን ሳምንቱን ሙሉ ሲቀብር ከረመ፤ ለቀብሩም የመጣ አልነበረም።

ሃርመን አይቶ፣ «አሁን ገና መንገድ መሰለ» ብሎ ወሰደው።

ያስፐር የሚቀጥለውን ሸራ ሲዘረጋ፣ «እዚህ መንገድ ላይ ማንን እናስቀምጥ?» ብሎ ጠየቀው።

«ማንንም አናስቀምጥ። ላም ልሥራልህ።»

ከዚያ ወዲህ ሉበርት ላም ብቻ ነው የሚሥለው። ላሞቹ በየሜዳው ይተኛሉ፤ ማንም ወደ ማንም አይሄድም። ገዢዎችም፣ ያስፐር እንዲህ ያለ ጸጥታ ከየት አመጣ እያሉ ያደንቁታል።