የሐሙስ ሒሳብ

ባለቤቴ የቡሬ በርበሬ ዘርግፋ መቀንጠስ ስትጀምር ጓሮ እወጣለሁ። ማስነጠሱን ፈርቶ ነው ብላ ትስቅብኛለች፤ እኔም አላርማትም። በዚያ ሽታ ውስጥ ግን አንድ የሒሳብ ደብተር አለ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ከአዲስ አበባ አዲስ ዳይሬክተር ተላከልን። ጭቃ ሲረግጥ ሱሪውን በሁለት ጣቱ የሚያነሳ፣ ከረባቱ ከአንገቱ ጋር የተወለደ የሚመስል ሰው ነበር። በመጣ በወሩ አርባ ደቂቃ የነበረውን ክፍለ ጊዜ ሻረና ቀኑን ለሁለት ትምህርት ብቻ ከፈለው፤ አንዱ ጧት፣ አንዱ ከሰዓት። በባለቀለም እርሳስ ያሰመረውን የትምህርት ፕሮግራም በር ላይ ለጥፎ፣ ተማሪ ረጅም ጊዜ ሲያገኝ በጥልቀት ይማራል አለን።

አንዷን ነገር አልነፍገውም። ድሮ የሳይንስ መምህሩ ኩራዙን ለኩሶ ሙከራውን ሳይጨርስ ደወል ይመታ ነበር። ያን ዓመት የሙከራውን መጨረሻ አየን። ግን በየቀኑ የምንማረው ሒሳብ ተጠራቅሞ ሐሙስ ጧት ላይ ወደቀ፤ ሐሙስ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀለም ሲቀባ ዘበኛውን እንኳ ቢጠይቅ ይነግረው ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። እናቷ በርበሬ ሻጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሐሙስ ሐሙስ ያለ እሷ ገበያ መቆም አይችሉም። ትምህርቱን የፈቀዱላትም ክፍል ከደገመች እንድትቀር ተስማምተው ነው። ድሮ በሐሙስ የሚያመልጣትን አንድ ክፍለ ጊዜ ዓርብ ትደርስበት ነበር። አሁን ግን የሳምንቱ ሒሳብ በሙሉ አመለጣት።

ይህንኑ ለዳይሬክተሩ ልትነግር ቢሮው ገባች፤ እኔም ከኋላዋ ቆምሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ታዲያ ለአንቺ ብዬ ገበያውን ላዛውረው?» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ስንወጣ እኔ እየጻፍሁ እንደማመጣላት ቃል ገባሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ስለነበር እየሾለክሁ ገበያ እወርዳለሁ። ከጆንያው ኋላ ተቀምጣ፣ በርበሬው እያስለቀሳት ከእኔ ደብተር ወደ ራሷ ትገለብጣለች። መነሳት ስትጀምር እናቷ ይመልሷታል።

«ተማሩ ልጆቼ፤ እኔ ገዢውን በድምፁ አውቀዋለሁ» ይሉናል።

እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ያ ጥልቅ የተባለ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። መምህሩ ራሱ ከግማሹ በኋላ ድምፁ ይሰልላል፤ እኔ ደግሞ እተኛለሁ። ደወል ሲቀሰቅሰኝ ሰሌዳው ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ከሌላ ልጅ መገልበጥ እችል ነበር፤ ሰነፍሁ። አንድ ቀን ብቻ ከዚህ በኋላ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ።

«በቃ፣ እዚህ ላይ አበቃ» አልኋት።

የዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ፈተና ግማሹ ከተኛሁበት መጣ። እኔ ከፊቴ ካለው ልጅ ገልብጬ አለፍሁ። እሷ ወደቀች፤ ሒሳብ የወደቀ ደግሞ ክፍል ይደግም ነበር። ዳይሬክተሩ እድገት ተሰጥቶት ሄደ፣ በሚቀጥለው ዓመት አርባ ደቂቃው ተመለሰ፣ ባለቀለሙን ወረቀት ዘበኛው እሳት አያያዘበት። ሰውየውን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ራሴን ግን ከእሱ አስበልጬ እንቃለሁ፤ እሱ እንኳ ነቅቶ ነው የበደላት።

ትምህርት ቤቱን ልትሰናበት መጥታ የራሷን የሒሳብ ደብተር ሰጠችኝ።

«አንተ ያዘው፤ ለከርሞ ይጠቅምሃል» አለች።

በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። ቤቴ ገብቼ ገለጥሁት። በየሐሙሱ፣ እኔ ካመጣሁላት በታች፣ ኅዳጉን በማስመሪያ አስምራ ግማሽ ግማሽ ገጽ ባዶ ትታለች።