ረቡዕ ቤት

እኛ ከተማ ምግብ ቤት የገባ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ሥጋው የማን ነው?» የባለቤቱን ስም መጠየቁ አይደለም። የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም ማለቱ ነው። መልሱ ካልተስማማው «ይቅርታ» ብሎ ወደሚቀጥለው በር ያልፋል፤ ማንም አይቀየመውም። ሚዛን ተፈሪ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ እንደ «እንዴት ዋላችሁ» ያለ ተራ ነገር ነው።

በልጅነቴ ምግብ ቤቶቻችን ሰሌዳ አልነበራቸውም፤ መጋረጃ ነበራቸው። አረንጓዴው መጋረጃ ቤት፣ አበባ ያለበት ቤት፣ የተቀደደው ቤት እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ምናሌ የሚባል ነገርም አይታወቅም። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን እየወለወለች «ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ሽሮ፣ ፍርፍር» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትወርደዋለች። የኛ አገር ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ግን ግማሹ አይሰማም፤ እንግዳው የሰማውን ያዛል። በክረምት ዱለት በብዛት ይታዘዝ ነበር። ቃሉ ለዝናብ ስለማይበገር ይመስለኛል።

ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ከቴፒና ከቱም የሚመጡ አይሱዙዎች መንገዱን ይሞሉታል፤ ሾፌሮቹ ደግሞ ምግብ ቤቶቹን። ከጅማ በኩል የመጡት ቤተሰቦች ፉልና ሳምቡሳ አስለመዱን፤ ከሰሜን የመጡት ደግሞ ክትፎና ዱለቱን ያዙ። ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ፓስታ መጣ። ከፓስታው ጋር ሹካ መጣ፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሹካን ሳይወድ ሞተ። አሁን ፒዛም አለ፣ በርገርም አለ፣ ስፕሪስ ጭማቂ በየማዕዘኑ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ምግብ ቀርቶ ነበር፤ ጎደሬ የሚባለው ሥራሥር። በየቤታችን እንበላዋለን፣ ገበያ ላይ የተቀቀለ ይሸጣል፤ ምግብ ቤት ውስጥ ግን ስሙን የሚያነሳ አልነበረም። ለእንግዳ የማይቀርብ ነገር ነው ተብሎ ተቆጥሮ ይሁን፣ እንጃ።

የእናቴ ምግብ ቤት በአንድ ግድግዳ ከጎረቤቷ ምግብ ቤት ጋር የተያያዘ ነበር። እናቴ ከሰሜን ሸዋ ናት፤ መምህር የነበረውን አባቴን ተከትላ ነው የመጣችው። ጎረቤቷ ከጅማ አካባቢ የመጡ ሙስሊም ናቸው። ከተማው በሙሉ በኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ «አደ» ይላቸዋል፤ እናቴ ብቻ «ጎረቤት» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እሷን እንዲሁ። ክርስቲያኑ ወደ እናቴ፣ ሙስሊሙ ወደ አደ ይገባል፤ ሽንኩርት ያለቀባት ግን በግድግዳው ላይ ትጣራለች። እንዲህ ሆነው አርጅተዋል።

ከዚያ መንገዱ ሰፋ። የሁለቱም ቤቶች ፊት ተቆረጠና የተረፈው ቦታ ለአንድ ምግብ ቤት የሚበቃ፣ ለሁለት የማይበቃ ሆነ። ጅማ ያለችው እህቴ እናቴን «ነይ፣ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ» አለቻት። ቴፒ ያለው የአደ ልጅም እናቱን እንዲሁ አላቸው። ልጆቹ ክፉ አላሰቡም። ሁለቱ ሴቶች ግን ይህን ወሬ በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

«እዚህ አገር የገባሁ ቀን ውሃ ቀድታ የሰጠችኝ ጎረቤቴ ናት» አለችኝ እናቴ። «ጅማ ሄጄ ከማን ጋር ነው የማወራው? ከቴሌቪዥን ጋር?»

አንድ ቀን ከአደ ጋር መጣችና አስቀመጠችኝ። መምህር ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ሐሳባቸውን እኔ ላይ መሞከር ይወዳሉ።

«ቤቱን አንድ እናድርገው ብለናል» አለች።

«ሥጋውስ የማን ሊሆን ነው?» አልኩ።

«ሥጋ አንሠራም» አሉ አደ።

እኔ ሥጋ ወዳድ ነኝ። ከዶሮ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ሁሉ እወዳለሁ። ደነገጥኩ። «እማዬ፣ ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት ማን ይመጣል?»

«ረቡዕና ዓርብ ማን ነው የሚመጣው?» አለች እናቴ።

«ረቡዕና ዓርብማ ጾም ነው!»

«በቃ፣ ሁልጊዜ ረቡዕ እናድርገዋ!»

ከተማው ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ስሙንም ወዲያው አወጣለት፦ ረቡዕ ቤት። እነሱ ግን የምራቸውን ነበር። የሁለቱም ድስቶች ሥጋ ያዩ ስለሆኑ ወደየመኖሪያቸው ተመለሱ። አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላ፣ አዲስ መክተፊያ ተገዛ፤ ግድግዳው ፈረሰ። እናቴ ግን ልማድ አልለቅ ብሏት «ጎረቤት!» እያለች ትጮህ ነበር፣ አደ አጠገቧ ቆመው ሽንኩርት እየከተፉ። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አቤት ጎረቤት!» ይላሉ።

የተከፈተው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ብዙም ሳይቆይ ረመዳን መጣና ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ዋሉ። እዚህ ላይ ማናችንም ያላሰብነው ችግር ተፈጠረ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ አደ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ። ወጡን የሚቀምስ የለም! በመጀመሪያው ቀን እናቴ በግምት ጨው ጨመረች። አደ ደግሞ «ጎረቤቴ ሳትቀምስ ጨው አትደፍርም» ብለው አስበው እሳቸውም በግምት ጨመሩበት። ምሳ ላይ የመጣው የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ የአካባቢው ተወላጅ ቤንች ነው፣ ፕሮቴስታንት፣ ከሁለቱ ጾም አንዱንም የማይጾም። አንዴ ጎረሰ። ውሃ ጠጣ። እናቴ «እንዴት ነው ልጄ?» ስትለው፣

«እጅግ በጣም ጥሩ ነው» አለ። «ሌላ ውሃ አለ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀማሽ ሆኖ ተሾመ። በቡና አገር ቀማሽነት የተከበረ ሙያ ነውና ሹመቱን በደስታ ተቀበለ፤ ከማስተማሩ ይልቅ በዚህ እንደሚኮራ ይታየኛል። ማንኪያውን ወጡ ውስጥ ነክሮ ዓይኑን ሲጨፍን ሁለቱ ሴቶች ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው አፍ አፉን ያያሉ። አንድ ቀን ግን ከጨው አልፎ ሄደ። «የሰው አገር ምግብ ሁሉ እዚህ አለ፤ የዚህ አገር ምግብ የት ሄደ?» አላቸው። ተያዩ። በማግስቱ ከገበያ ጎደሬ መጣ፤ ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር ቀረበ። ተማሪዎቹ እየተሳሳቁ አዘዙ፤ ከዚያ ሳይስቁ ደገሙ። አንድ የገጠር አዛውንት በልተው ሲያበቁ እጃቸውን ታጥበው ወደ ጓዳ ብቅ አሉና «ይህን በትሪ ሲቀርብ አየሁ» ብለው ሄዱ። ደስ ያለኝ ደስታ!

ኢድ አለፈ፣ ፋሲካ ደረሰ። ፈተናው የመጣው ያኔ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ለኛ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ረቡዕ ቤት ያለ ረቡዕ ቀረ ማለት ነው። እናቴና አደ ቁጭ ብለው ተማከሩ፦ ቤቱ እስከ ጰራቅሊጦስ ከቆመ ቆመ፤ ካልቆመ ይዘጋል፣ እናቴ ወደ ጅማ፣ አደ ወደ ቴፒ።  

ፋሲካን ተከትሎ ቤቱ ባዶ ዋለ። ከተማው በሙሉ ሥጋ ላይ ነበር። አደ የሠሩትን ምስር ለሰፈሩ ሰው ሲያድሉ ዋሉ። ቀኖቹ ጥቂት ገፋ ሲሉ ግን የከተማው ሆድ አመፀ። ያን ሁሉ ጾም የጾመ አንጀት በአንድ ጊዜ ቅቤና ቁርጥ ሲወርድበት ምን ያድርግ? ሰዉ ሆዱን እየያዘ፣ በጎን በኩል፣ እንዳይታይ ሆኖ ይገባ ጀመር። «እትዬ፣ ሽሮ አለ? ቀጠን ያለች?»

ያ የሆድ ነገር ነበርና ያልፋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ያቆየው ሌላ ነገር ነው። እኛ መምህራን ስብሰባ ስንውል ምሳ ሰዓት ላይ አብረን እያወራን እንወጣና ምግብ ቤቶቹ በር ላይ ስንደርስ ለሁለት እንከፈል ነበር፤ ወሬውም እዚያው ይቋረጣል። አሁን ወሬው እስከ ትሪው ድረስ መግባት ጀመረ። ባጃጅ ነጂዎቹም እንደዚሁ፤ ለሥልጠና ከየወረዳው የሚመጡትም እንደዚሁ። አብሮ መብላት ያማራቸው ብዙ ኖረዋል፤ ቦታ ነው ያጡት።

ጰራቅሊጦስ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ጎራ አልኩ። የምሳው ግርግር አልፏል። እናቴና አደ ጓዳው በር ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው አንድ ትሪ አለ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ በጠርዙ ጎደሬ። ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት በግድግዳው ላይ ሳህን ሲቀባበሉ አይቻለሁ፤ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድስት፣ የየራሳቸው ደንበኛ ነበራቸዋ፤ መቼ ይብሉ? አደ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ለእናቴ ሲዘረጉላት ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ጰራቅሊጦስ ደረሰ እኮ» አለችኝ። «እማዬ ምን ወሰነች? ክፍሉን ላሰናዳ ወይስ ለልጆቹ ልስጠው?»

ጥያቄውን ለእናቴ አደረስኩላት። አፏ ሙሉ ስለነበር በእጇ ጠብቅ አለችኝ። አላመጠች፣ ዋጠች፣ አደን አየቻቸው። አደ አንገታቸውን ደፍተው ጎደሬውን ይነካካሉ።

«ከጎረቤቴ ጋር ምሳ እየበላሁ ነው በላት» አለች።

ቃል በቃል ነገርኳት። እህቴም «እሺ» አለች፤ «ልጆቹ አልጋቸውን ዛሬውኑ ያስገባሉ።»