ጢሙን የተላጨው ከሳሽ

ልጆቼ፣ አገር ሁሉ የሳቀበትን ሰው በደለኛ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። እኔ ፊደልን ያለ መምህር ለብቻዬ የቆጠርኩ የጨው ነጋዴ ነኝ፤ ይህን ግን መቱ ላይ በዓይኔ አይቼ ነው የተማርኩት።

ጎረቤቴ ቀፎ እየሰቀለ የሚኖር ኦሮሞ ነበር። ግብር የሚሰበስበው የአገሩ ምስለኔ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የማር ግብር ጠየቀው። አልሰጥም ቢለው ቀፎዎቹ የተሰቀሉበትን መሬት ነጠቀውና ሰውየው ጎሬ ካለው ችሎት ሄዶ ከሰሰ። ምስለኔው ያላስለቀሰው ቤት ስላልነበረ ገበያተኛው ከሳሹን በሹክሹክታ ይመርቀው ነበር። እኔና ሌሎች ሁለት ሰዎች ልንመሰክርለት ቃል ገባን።

ምስለኔው አልተቆጣም፤ ድግስ ደገሰ። ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው አዝማሪውን ጠርቶ «ተቀበል» አለው። አጠገቡ ስለነበርኩ ግጥሙ ከራሱ ከምስለኔው አፍ ሲወጣ ሰምቻለሁ፦

የሰው ቀፎ ቆርጦ ጢሙ ላይ ማር ሳለ፣
ተበደልኩ ይላል ጎሬ እየማለ።

አዝማሪው በማሲንቆ መለሰው። ግጥሙ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ሰውየው የማንንም ቀፎ ነክቶ አያውቅም፤ ይህን እየሳቁ የነበሩትም ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ገበያ ዘፈኑ በሁሉም አፍ ላይ ነበር። ግጥሙን ለአዝማሪው ማን እንደሰጠው የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ልጄ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ስታንጎራጉረው ሰምቼ በልምጭ ገረፍኳት።

«አባዬ፣ ሁሉም ይለዋል እኮ» አለችኝ እያለቀሰች።

ሰውየው ማሩን ይዞ ሲወጣ ትናንት የመረቁት ሰዎች ከበቡት።

«ጢሞ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ቆረጥክ?»

«እስቲ ጢምህን ጭመቅልን፣ ለበርዝ ይበቃናል።»

ብዙ ቻለ። በመጨረሻ ይተዉኝ እንደሆነ ብሎ ጢሙን ተላጨ። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚሠራው ንጹሕ ሰው ብቻ ነው።

የችሎቱ ቀን ከምስክሮቹ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዳኛው የሰውየውን ፊት ትክ ብሎ አየና በአስተርጓሚ ጠየቀው።

«ጢም ነበረህ ይባላል። የት ሄደ?»

«ተላጨሁት።»

«ማር ካልነበረበት ምን አስላጨህ?»

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው በኦሮምኛ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ግን እሱም እየሳቀ ስለነበር አንዱንም አልተረጎመው። እኔም ቃሌን ሰጠሁ፤ የሚሰማኝ አልነበረም። መሬቱ ለምስለኔው ተፈረደ።

ወደ መቱ ስንመለስ ሰውየው የተላጨ አገጩን እየዳሰሰ ይሄድ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ በኋላ፣ «በልጅነቴ ምናልባት የሰው ቀፎ ነክቼ ይሆን?»

«አልነካህም» አልኩት።

«እርስዎ ብቻ ነዎት እንዲህ የሚሉት» አለኝ። ተቆጥቶ ነበር፤ የተቆጣውም በእኔ ነበር። ከዚያ እርምጃውን አፍጥኖ ጥሎኝ ሄደ።