የእማማ ጣይባ ምሳ ዕቃ

እማማ ጣይባ ስድስት ዓመት ሙሉ ለልጃቸው ለሙዓዊያ ማረሚያ ቤቱ ድረስ በእግራቸው ስንቅ አመላለሱ። ልጁ ታሞ ከሞተ ወዲህ ግን ከቤት አይወጡም፤ እንቅልፍም ባይናቸው አይዞርም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነጅላ፣ «ሰውነትዎ መንገድ ለምዶ ነው፤ እቤት ስፖርት ይሥሩ» ብላ ከወንበር መነሳት መቀመጡን፣ ክብደት ማንሳቱን አሳየቻቸው። እሳቸውም የስንቁን ምሳ ዕቃ ውሃ እየሞሉ በየቀኑ ከፍ ዝቅ አደረጉት።

በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ወስዷቸው አደረ። ጠዋት ቀሏቸው ተነሱ፤ ውሃውን ደፍተው ሙዓዊያ የሚወደውን ምስር ወጥ ጨለፉበት። መሞቱ ትዝ ያላቸው ክዳኑን ሲገጥሙ ነው።

ነጅላ መጥታ፣ «እንቅልፉስ፣ እማማ?» አለቻቸው።

«መጥቶ ነበር ልጄ» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ለራሴ መርዶ ከምነግር ግን ይቅርብኝ።»